የሸመገለ እግር፥ ያልሸመገለ ዐይን



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ስለ እግር ኳስ ነው። ነገር ግን ከመካከላችሁ ኳስ የማይወድ ሰው ቢኖር ራዲዮኑን ለመዝጋት አይቸኩል፤ የምናገረው ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን፥ ዕድሜ በሰው ጕልበት ላይ በበረታ ጊዜ ለዚያ ሰው ምን እንደሚተርፈው ነውና። ይህ ጥያቄ በሜዳ ላይ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤታችንም በየቀኑ ይነሣል፤ ለሁላችንም ተራው ይደርሰናል።

ነገሩን ወደ ልቡናዬ ያመጣው አንድ ትንሽ አጋጣሚ ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ በየክፍላቸው ሆነው የእግር ኳስ ግጥሚያ ያደርጋሉ። በአንድ ዓመት የክፍላችንን ተጫዋቾች ስም ዝርዝር እንድጽፍ የታዘዝሁ እኔ ነበርሁ። በመዝገብ ቤት የሚያገለግሉ፥ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ፥ በወጣትነታቸው ጐበዝ አጥቂ እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው አንድ አዛውንት አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። እኔ ግን የጐረምሳ ትዕቢት ይዞኝ፥ «ጋሼ ከእንግዲህ ወዲህ ሩጫው አይሆንላቸውም» አልሁና ስማቸውን ከተጠባባቂዎች ሁሉ በታች፥ በመጨረሻው መሥመር ላይ ጻፍሁት። እርሳቸውም ዝርዝሩን አይተው አልተቈጡም፤ «ደግ ነው ልጄ፤ ውሃ የሚያቀብልም ሰው ያስፈልጋል» ብለው ከሜዳው ዳር ተቀመጡ።

በጨዋታው እኩሌታ ሦስት ለባዶ ተመራን። ሁለቱ ተጠባባቂዎቻችን ቀደም ብለው ገብተው ነበርና አንዱ ጓደኛችን ቍርጭምጭሚቱ ወለም ባለው ጊዜ ከጋሼ በቀር የሚገባ ሰው አልተገኘም። ገቡ። እኛ ወደ ተቃራኒው ጐል እንዲሮጡ ስንጠብቅ እርሳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው ከሜዳው መካከል ቆሙ። እንዲጠብቃቸው የታዘዘው ወጣት ጥቂት ተከተላቸውና፥ «እኚህ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራሉ?» እንደ ማለት አመንትቶ ወደ ሥፍራው ተመለሰ። ጋሼም ኳሷ በደረሰቻቸው ቍጥር አንድ ጊዜ ብቻ ነክተው፥ ከእኛ አንዱ ገና ሊደርስበት ወዳለው ባዶ ሥፍራ ይልኳት ነበር። ግጥሚያውን ሦስት ለሁለት ተሸነፍን፤ ነገር ግን ሁለቱም ጐሎቻችን የተነሡት ከእርሳቸው እግር ነበር። ከጨዋታው በኋላ ቀርቤ ምስጢሩን ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ኳሷ ትሩጥ እንጂ እኔን ምን አስሮጠኝ?» አሉኝ።

በዚያ ሌሊት የጻፍሁት ዝርዝር አሳፈረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያነበብሁት የአንድ ሀንጋሪያዊ ተጫዋች ታሪክም ትዝ አለኝ፤ ጋሼ በትንሿ ሜዳችን ያደረጉትን እርሱ በዓለም ፊት አድርጎት ነበርና። ዛሬ ለእናንተ የማወሳው ይህን ታሪክ ነው። ዓመቶቹንም ሁሉ፥ ነገር እንዳይደባለቅ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ።

ሰውየው ናንዶር ሂደግኩቲ ይባላል። የተወለደው በ1922 ዓመት በመጋቢት ወር መጀመሪያ በቡዳፔስት ከተማ ሲሆን፥ ኤም.ቲ.ካ. ለሚባለው ለዚያው ከተማ ክለብ ይጫወት ነበር። ስሙን ታላቅ ያደረገው ጨዋታ በተደረገ ጊዜ ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። 31 ዓመት ለእኛ ለቢሮ ሰዎች የሥራ ማለዳ ነው፤ በዚያ ዘመን ለነበረ አጥቂ ግን ፀሐይ ማዘቅዘቅ የጀመረችበት ሰዓት ነበር። በዚያ ቀን ከተሰለፉት ከ11ዱ የሀንጋሪ ተጫዋቾች መካከል በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነበር። አምበሉ ፈረንስ ፑሽካሽ 26 ዓመቱ ነበር፤ በቴስታ የሚያስፈራው ሻንዶር ኮቺሽና የግራ ክንፉ ዞልታን ሲቦር ደግሞ ገና 24 ዓመታቸው ነበር። ከእነዚህ ፈጣን ወጣቶች ጋር በሩጫ ልወዳደር ቢል የሚሸነፍ መሆኑን ሂደግኩቲ ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ በሌላ ነገር ተወዳደረ።

የሠራውን ለማስተዋል የዚያን ዘመን የጨዋታ ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል። ተጫዋቾቹ ከ1 እስከ 11 ቍጥር በጀርባቸው ላይ ይለብሳሉ፤ ቍጥሩም የሥራ መደባቸውን ያመለክታል። 9 ቍጥር የለበሰው መካከለኛው አጥቂ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ፊት ሆኖ በተቃራኒው ጐል አጠገብ ኳስ ይጠብቃል፤ የሚያገባውም፥ የሚጨበጨብለትም እርሱ ነው። 5 ቍጥር የለበሰው የመካከል ተከላካይ ደግሞ ይህን 9 ቍጥር ይጠብቃል። ይህ ደንብ በብዙ አገር፥ ይልቁንም ኳስን ለዓለም ባስተማረችው በእንግሊዝ፥ ከላይ እንደ ወረደ ሰርኩላር ያለ ጥያቄ ይፈጸም ነበር።

ይህን ሥርዐት የማፍረሱ ሐሳብ ከሂደግኩቲ ብቻ የፈለቀ አልነበረም፤ የሌላውን ሰው ድካም ለእርሱ ብቻ መስጠት ፍርድ ማጕደል ይሆናል። የኤም.ቲ.ካ. አሠልጣኝ የነበረው ማርቶን ቡኮቪ መካከለኛውን አጥቂ ወደ ኋላ ስቦ ማጫወት ጀምሮ ነበር፤ ፔተር ፓሎታሽ የተባለው የክለቡ ተጫዋችም ይህን አጨዋወት በብሔራዊው ቡድን ውስጥ ከሂደግኩቲ በፊት ሞክሮታል። በ1952 በመስከረም ወር ሀንጋሪ በበርን ከተማ ከስዊስ ጋር ስትጫወት ሁለት ለባዶ ተመራች። የቡድኑ ኀላፊ ጉስታቭ ሸበሽ ፓሎታሽን አስወጥቶ ሂደግኩቲን አስገባ፤ ጨዋታውም ተገልብጦ ሀንጋሪ 4 ለ2 አሸነፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥፍራው የሂደግኩቲ ሆነ። እንግዲህ ሐሳቡ በሌሎች ዘንድ ተወለደ፤ አሳድጎ ለወግ ለማዕርግ ያበቃው ግን እርሱ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ቀን እንድረስ። ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1946፥ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ነበር። ሥፍራው በሎንዶን የሚገኘው የዌምብሊ ስታዲዮም ሲሆን ተመልካቹ ከ100,000 በላይ ነበር። እንግሊዝ እስከዚያ ቀን ድረስ ከአውሮፓ ምድር ባሕር ተሻግሮ በመጣ ቡድን በገዛ ሜዳዋ ተሸንፋ አታውቅም ነበር።

የእንግሊዙ 5 ቍጥር ሃሪ ጆንስተን እንደ ደንቡ ሥፍራውን ይዞ 9 ቍጥርን ጠበቀ። 9 ቍጥር ግን አልመጣም። ሂደግኩቲ ወደ ኋላ ተመልሶ በሜዳው መካከል ከአማካዩ ከዮዤፍ ቦዢክ አጠገብ ይመላለስ ነበር። ምስኪኑ ጆንስተን ምን ያድርግ? ሥፍራውን ትቶ ቢከተለው፥ ከበስተኋላው በር ይከፈትና ፑሽካሽና ኮቺሽ ይገቡበታል። በሥፍራው ቢቀር ደግሞ፥ ሂደግኩቲ ያለ ጠባቂ ቀና ብሎ ሜዳውን ሁሉ እያየ ኳስ ያከፋፍላል፤ ሲመቸውም ራሱ ገሥግሦ ይመታል። መሄድም መቅረትም ጥፋት ሆነበት። አንድ ሰው ሳይሮጥ ሌላውን ሰው እንዲህ ባለ አጣብቂኝ ውስጥ ካገባው፥ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አሸንፎታል ማለት ነው።

ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ። አንደኛው ደቂቃ ሳያልቅ ሂደግኩቲ ከመካከል ተነሥቶ መጣ፤ አንድ የማታለያ እንቅስቃሴ አሳይቶ በጐሉ ትይዩ ከርቀት መትቶ ከመረቡ ላይኛ ክፍል አሳረፈው። እንግሊዝ በ13ኛው ደቂቃ አቻ ብትሆንም፥ በ20ኛው ደቂቃ ግድም ራሱ ሂደግኩቲ ሁለተኛውን አከለ፤ ፑሽካሽም ተከታትሎ ሁለት አገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 4 ለ1 ሆነ። ከእረፍት በኋላ ቦዢክ አንድ ጨመረ፤ ወዲያውም ፑሽካሽ በተከላካዮቹ ራስ ላይ ከፍ አድርጎ የላካትን ኳስ ሂደግኩቲ መሬት ሳትነካ መትቶ ሦስተኛውን የራሱን ጐል አገባ። ጨዋታው 6 ለ3 ተፈጸመ። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር እንግሊዞች ለበቀል ወደ ቡዳፔስት ቢሄዱ ደግሞ 7 ለ1 ተሸንፈው ተመለሱ።

አድማጮቼ፤ በዚህ ሰው ሥራ ውስጥ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ማየት ነው። «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ይላል ያገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ወደ ፈጣሪ ቀና ስለ ማለት ነው፤ ነገር ግን በኳስ ሜዳም ቢሆን ቀና የሚል ሰው ጐንበስ ብሎ ከሚሮጠው ይቀድማል። ወጣቱ ተጫዋች ኳሷ ከደረሰችው በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያስባል፤ የበሰለው ተጫዋች ግን ኳሷ ሳትደርሰው አስቦ ጨርሷል። እግሩ በአንድ እርምጃ ቢዘገይ አሳቡ በሁለት እርምጃ ስለሚቀድም ሒሳቡ አይጐድልበትም።

ሁለተኛው የክብርን ሥፍራ መተው ነው። መካከለኛ አጥቂ ከጐል አጠገብ የሚያቆየው ጭብጨባ ነው። ሂደግኩቲ ከዚያ ሥፍራ ለቅቆ ወደ ኋላ ሲመለስ ጐሉን ለፑሽካሽና ለኮቺሽ አሳልፎ መስጠቱ ነበር። ነገሩ ግን እንዴት እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ወንበሩን የለቀቀው ሰው በዚያ ቀን ከሁሉ የበለጠ አገባ። ሥፍራውን ሙጥኝ ብሎ ቢይዝ ኖሮ ከጆንስተን ጋር ሲገፋፋ ይውል ነበር።

ሦስተኛው የባልደረቦች መግባባት ነው። ፑሽካሽ የተከፈተውን በር ባያይ፥ ቦዢክ በጊዜው ባያቀብል፥ ሸበሽም «አንተ አርጅተሃል» ብሎ ከዳር ቢያስቀምጠው ኖሮ የሂደግኩቲ ብልሃት ከእርሱ ጋር ተቀብሮ በቀረ። የአንድ ሰው ዕውቀት ፍሬ የሚሰጠው ቦታ የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በሐቅ መናገር አለብኝ። ከመካከላችሁ «እንግዲያው ዕድሜ ራሱ ጥበብ ነው» የሚል ቢኖር፥ ተሳስቷል። በዚያ ቀን የተሸነፈው ጆንስተን 34 ዓመቱ ነበር፤ ከሂደግኩቲ በ3 ዓመት ይበልጣል። እርሱም ቢሆን ልምድ አላነሰውም። ያነሰው ልምዱን ከአዲስ ነገር ጋር የሚያስታርቅበት ፈቃድና ጊዜ ነበር። ደንቡ «9 ቍጥርን ጠብቅ» ይላል፤ እርሱም ቍጥሩን ጠበቀ፤ በቍጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን የደብዳቤውን ቍጥርና ቀን አጥብቀን ይዘን ባለ ጉዳዩን ራሱን ያላየንበት ቀን የለምን? እኔ በበኩሌ አለብኝ። በዝርዝሩ ላይ የጋሼን የትውልድ ዘመን እንጂ ጋሼን አላየሁም ነበርና።

ደግሞም ብልሃት ራሱ ለዘላለም አይሠራም። በ1954 ዓመት በጁላይ 4 ቀን በበርን ከተማ ሀንጋሪ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ተጋጠመች፤ በ8 ደቂቃ ውስጥ 2 ለባዶ መርታ ሳለች በመጨረሻው 3 ለ2 ተሸነፈች። የዚያ ቀን ምክንያት ብዙ ነው፤ ዝናም ነበር፤ ፑሽካሽም ከደረሰበት ጕዳት ጨርሶ አልዳነም ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ጀርመኖች ሆርስት ኤክል የተባለውን የ22 ዓመት ወጣት በሄደበት ሁሉ ሂደግኩቲን እንዲከተለው ማዘዛቸው ነው። ኤክል የተከተለው ቍጥሩን ሳይሆን ሰውየውን ነበር። ብልህ ሰው ያወጣውን ዘዴ ሌላው ብልህ ያጠናዋል፤ ስለዚህ ትናንት ባወቅነው ተመክተን ብንተኛ ነገ ያነቃናል።

መሸነፍንም ቢሆን ትምህርት የሚያደርገው ሰው አለ። በዌምብሊ ከተሸነፉት የእንግሊዝ ተከላካዮች አንዱ አልፍ ራምሴ ነበር፤ በዚያ ቀን አንዲቱን ጐል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባውም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለአገሩ ዳግመኛ አልተሰለፈም። ነገር ግን በ1966 በዚያው በዌምብሊ ሜዳ እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን ስታነሣ የቡድኑ አሠልጣኝ ይኸው ራምሴ ነበር። የተዋረደበትን ሜዳ መማሪያ ቤቱ አደረገው።

ሂደግኩቲስ ምን ሆነ? በ1958 በስዊድን በተደረገው የዓለም ዋንጫ በ36 ዓመቱ ለአገሩ ተሰለፈ። በጠቅላላው ለሀንጋሪ 69 ጊዜ ተጫውቶ 39 ጐል አግብቷል። እግሩ ጨርሶ እምቢ ባለው ጊዜም ዐይኑን ይዞ ወደ ሜዳው ዳር ወጣ፤ ይኸውም አሠልጣኝ ሆነ ማለት ነው። በ1961 የኢጣልያው ፊዮረንቲና የአውሮፓን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ሲወስድ አሠልጣኙ እርሱ ነበር። ወደ እኛም አህጕር መጥቶ ከ1973 እስከ 1980 የካይሮውን አል አህሊን እያሠለጠነ 5 ጊዜ የግብፅን ሻምፒዮና አስገኝቷል። በ2002 ዓመት በየካቲት ወር፥ 80 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዐረፈ፤ የቀድሞ ክለቡ የኤም.ቲ.ካ. ስታዲዮምም በስሙ ይጠራል።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ምንድን ነው? ሁለት ወገን ነው እላለሁ። በዕድሜ የገፋችሁ ባልደረቦቻችን፤ ትናንት ትሮጡበት በነበረው ሥፍራ ዛሬም ካልሮጥን ብላችሁ ራሳችሁን አታድክሙ፤ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ በሉና ሜዳውን ሁሉ አይታችሁ አቀብሉን። ወደ ኋላ መመለስ ሁሉ ሽሽት አይደለም። እናንተም እንደ እኔ ያላችሁ ጐልማሶች፤ ቀርፋፋ የሚመስላችሁን ሰው ከመጨረሻው መሥመር ከመጻፋችሁ በፊት፥ ያ ሰው የቆመው ስለ ደከመው ነው ወይስ ከእኛ ቀድሞ የሚመጣውን ስላየ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ በእውነት ደክሞት ይሆናል፤ ለእርሱ ዕረፍት ይገባዋል። ሌላው ግን ኳሷ የምትወድቅበትን ሥፍራ ዐውቆ እየጠበቃት ይሆናል።

ለማጠቃለል አንድ ነገር ልጨምር። በተከታዩ ዓመት ዝርዝሩን እንድጽፍ እንደገና በታዘዝሁ ጊዜ የጋሼን ስም በመጀመሪያው መሥመር ላይ፥ ለእርሳቸው እንደሚገባው አምሬ ጻፍሁትና ወደ መዝገብ ቤት ይዤላቸው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደስ እንዳላቸውም ከፊታቸው ታወቀኝ። ከዚያም ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ዘንድሮ ጕልበቴ እምቢ ብሏል። ስሜን ሰርዝና የአንድ ልጅ ስም አግባበት፤ እኔ ዳር ቆሜ የት መቆም እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ» አሉኝ።

እኔም ስማቸውን አልሰረዝሁትም። ከዝርዝሩ በላይ፥ ከሁላችንም ስም ከፍ አድርጌ ለብቻው ጻፍሁትና ከጐኑ «አሠልጣኝ» የሚል ቃል አከልሁበት።